እንቁላሉን የተቀበለው ማን ነው?

ባለፈው ግንቦት አጋማሽ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ሳቢያን ውስጥ በምንኖርበት ጠባብ መንገድ ላይ ውሃ ሲፈስ ሰማሁ። የድሬዳዋን ግንቦት የሚያውቅ እንደሚረዳው፣ በዚያ ወር በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ከፍቶ የማይተኛ ስለሌለ የሌሊት ድምፅ ከጆሮ አያመልጥም፤ ውሃም በከተማችን ዝም ብሎ መንገድ ላይ የሚፈስ ነገር ስላልሆነ ወዲያው ተነሥቼ ወጣሁ። ከአጥሩ ሥር፣ ቆጣሪው ተገጥሞበት በነበረው ቦታ፣ ሁለት የተቆረጡ የቧንቧ ጫፎች ፊት ለፊት ተፋጥጠው ቀርተዋል፤ ከአንደኛው ውሃው እየተንፎለፎለ ወደ መንገዱ ይወርዳል። ጎረቤቴ ሽርጡን እንዳገለደመ ደጁ ላይ ተንበርክኮ የራሱን ቧንቧ በጨርቅ ለመድፈን ይታገላል። ሲነጋ ብንቆጥር ከአምስት ቤት አምስት ቆጣሪ ተነቅሎ ሄዷል።

የውሃ ቆጣሪ ለሌባ ምን ይሠራለታል የሚል ካለ፣ አካሉ ነሐስ ነው፤ ነሐስ ደግሞ በኪሎ ይሸጣል። ከሌቦቹ አንዱ የነበረውና በኋላ የተያዘው ልጅ እንደተናገረው ለአንዱ ቆጣሪ የተከፈለው 250 ብር ነበር። እኔ አዲስ ቆጣሪ ለማስገባት፣ የቧንቧ ሠራተኛውን ዋጋ ጨምሮ፣ ከ6,000 ብር በላይ አውጥቻለሁ፤ ያ እስኪሆን ድረስም ቤተሰቤ ለአራት ሳምንት ያህል በአህያ ጋሪ በሚመጣ የጄሪካን ውሃ ኖሯል። የድሬዳዋ ውሃ ማንቆርቆሪያውን በነጭ ቅርፊት እየደፈነ አስቸገረን እያልን ስናማርር የኖርን ሰዎች፣ በእነዚያ አራት ሳምንታት ያንኑ ውሃ እንደ ጠበል ነበር የምንቆጥበው። ይህን የምዘረዝረው፣ ከዚህ በታች ያለውን ሐሳብ ምንም ያልደረሰበት ሰው ከሩቅ ሆኖ የጻፈው አድርጎ የሚያነበው እንዳይኖር ነው።

ከአራት ቀን በኋላ ሌቦቹ ከእኛ ቀጥሎ ወዳለው መንገድ ሲመለሱ አንድ የባጃጅ ሹፌር አያቸው። ሁለት ነበሩ፤ ትልቁ አመለጠ፣ ትንሹ ተያዘ። እኔ ስደርስ ሰው ከብቦታል፤ አንዱ የውሃ ጎማ ቆርጦ ይዟል። ልጁ በአንድ እግሩ ሸበጥ አድርጓል፣ ሌላው እግሩ ባዶ ነው። መሬት ላይ የወደቀው መሣሪያው ጨርቅ የተጠመጠመበት የብረት መጋዝ ስባሪ ሲሆን፣ ጨርቁ በደም ረጥቦ ነበር፤ መጋዙ እጀታ ስላልነበረው ቧንቧ በቆረጠ ቁጥር የራሱንም መዳፍ ይቆርጥ ኖሯል ማለት ነው። ጎማው ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ አረፈበት። አልጮኸም፤ «አቦ በቃኝ፣ አቦ በቃኝ» ብቻ ነበር የሚለው።

በጥብቅና ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። የተያዘን ሰው መደብደብ ራሱ ወንጀል መሆኑን፣ ማንም ሰው ጥፋተኛ ተብሎ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ እንደሚቆጠር፣ ለደንበኛም ለዳኛም ደጋግሜ የተናገርኩ ሰው ነኝ። ሆኖም ግን «ተዉት» ለማለት የወሰደብኝ ጊዜ ከሚገባው በላይ ረዥም ነበር። ጎማው በመጀመሪያ ሲያርፍ አንድ ዓይነት እርካታ ተሰምቶኛል፤ ሁለተኛውንም ቆሜ ጠብቄዋለሁ። ድብደባውን ያስቆሙት በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን ሀጂ ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ ያስቆሙት በርኅራኄ ቃል አልነበረም፤ «አንዱ እጃችሁ ላይ ይሞትና ዕዳ ታመጡብናላችሁ» ነው ያሉት። ከዚያች ሌሊት ወዲህ፣ ሰው ቅጣትን የሚወደው ወንጀልን ስለሚቀንስ ነው የሚለውን ክርክር በሙሉ ልቤ መቀበል አቅቶኛል፤ ከከበብነው ሰዎች መካከል ስለ ነገ ወንጀል ያሰበ አንድም አልነበረምና።

በማግስቱ ቡና ላይ፣ እንደሚጠበቀው፣ «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለው ተረት ተነሣ። ተረቱን የማያውቅ የለም፤ ልጅ እንቁላል ሰርቆ ለእናቱ ያመጣል፣ እናት ምንም አትልም፤ ልጁ ከእንቁላል ወደ ዶሮ፣ ከዶሮ ወደ በግ፣ ከበግ ወደ በሬ እያደገ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ተይዞ ሊሰቀል ሲወሰድ እናቱን «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ይላታል። በእኛ ዘንድ ስለ ወንጀል ሲወራ ይህ ተረት ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ለቅጣት ጠበቃ ሆኖ ነው። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ስሰማው ኖሬ፣ በዚያ ቡና ላይ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ እናትየዋ እኮ ዝም ከማለት አልፋ እንቁላሉን ተቀብላለች። ጠብሳው ይሆናል፤ ለልጁም አቅምሳው ይሆናል። ልጁ ገመድ አንገቱ ላይ ሊገባ ሲል የሚከሰው አሳሪውን ወይም ዳኛውን ሳይሆን የሰረቀውን የተቀበለችለትን ሰው ነው። ደግሞም ተረቱ ይደረግ ነበር የሚለው ቅጣት በእናት እጅ፣ በቤት ውስጥ፣ ገና በጠዋቱ፣ ልጁ ማታ ገብቶ የሚተኛበት መደብ ሳይወሰድበት የሚደረግ ቅጣት ነው። ስቅላቱን ተረቱ ራሱ የሚያየው ሁሉም ነገር ካመለጠ በኋላ እንደመጣ ነገር አድርጎ ነው። ይህን ተረት ለረዥም እስራት መከራከሪያ ማድረግ ገልብጦ ማንበብ ይመስለኛል።

ሕጋችንም ቢሆን ከዚህ አነባበብ የራቀ አይደለም። የ1949ኙ ሕግ «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ይባል ነበር፤ ስሙ ዐይኑን የጣለው በሰውየውና በመቅጫው ላይ ነው። በ1996 ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የጸናው ሕግ «የወንጀል ሕግ» ሲባል «መቅጫ» የሚለው ቃል ከስሙ ወጣ። የዚህ ሕግ አንቀጽ 1 ግቡ ወንጀል እንዳይፈጸም መከላከል መሆኑን ይናገርና ቅደም ተከተሉን ያስቀምጣል፤ መጀመሪያ ስለ ወንጀሎቹና ስለ ቅጣታቸው ማስጠንቀቅ፣ ማስጠንቀቂያው በቂ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ መቅጣት ወይም ማረም። በሕጉ የመጀመሪያ አንቀጽ ውስጥ እንኳ ቅጣት የሚመጣው ሌላው ነገር ሳይበቃ ሲቀር ነው። የእስር ቤቱም ስም እንዲሁ ተለውጧል። «ወህኒ» የጎንደር ነገሥታት ዘውድ ይሻማሉ ያሏቸውን ልዑላን ያኖሩበት የነበረው አምባ ስም ሲሆን፣ ያ ስም ለማንኛውም እስር ቤት መጠሪያ ሆኖ ከኖረ በኋላ ዛሬ በወረቀት ላይ «ማረሚያ ቤት» ተተክቶበታል። በአፋችን ግን አሁንም «ቅጣቱን ጨርሶ ወጣ» ነው የምንለው፤ «ታርሞ ወጣ» የሚል ሰው ሲገኝ አድማጩ ፈገግ ይላል።

ቅጣትን ማክበድ አዲስ መድኃኒት አለመሆኑን ማስታወስም አይከፋም። በአገራችን የሌባ እጅ የተቆረጠበት ዘመን ነበር። ሌባ ለመፈለግ ለልጅ መጠጥ አጠጥቶ፣ ወገቡን በገመድ ይዞ የሚያስሮጠውና ልጁ የወደቀበትን ቤት ባለቤት ዕዳ ከፋይ የሚያደርገው የሌባሻይ ሥርዓትም ከዚያው ዘመን ነው። ስርቆት ግን በእነዚያም ዘመናት ነበረ። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764 እንደተከራከረው፣ ሰውን ከወንጀል የሚያግደው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን አይቀሬነቱ ነው። ይህን በራሳችን መንገድ ላይ አይቼዋለሁ፤ አምስቱን ቆጣሪ የወሰዱት ልጆች ከአራት ቀን በኋላ ተመልሰው የመጡት በወንጀል ሕጉ ውስጥ ያለውን የዓመት ብዛት አመዛዝነው አልነበረም፤ በመጀመሪያው ሌሊት ያያቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

ልጁ እጅ ከፍንጅ በመያዙ ክሱ ብዙ አልዘገየም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የግል ተበዳይ ሆኜ ችሎት ገባሁ፤ ከጠበቃ ወንበር ላይ የማይታይ ብዙ ነገር ከዚያ ወንበር ላይ ይታያል። ከሁሉ በላይ የጎተተን የዕድሜው ጉዳይ ነበር። በሕጉ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ልዩ የጥበቃና የማረሚያ እርምጃዎች ይወሰዱለታል፤ ከ15 በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው ደግሞ በመደበኛው ድንጋጌ ይጠየቅና ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል። እሱ 16 ነኝ ይላል፤ በምርመራ መዝገቡ ላይ የሰፈረው 18 ነው። የልደት የምስክር ወረቀት የለውም፤ በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ላይ ስለሆነ እሱን የመሰለ የገጠር ልጅ ሲወለድ የሚመዘግበው አልነበረም። በመጨረሻ ሐኪም ጥርሱንና አጥንቱን አይቶ 17 አካባቢ ይሆናል አለ። በአንቀጽ 665 መሠረት በስርቆት ጥፋተኛ ተብሎ፣ ዕድሜውና ያለፈ ጥፋት የሌለበት መሆኑ ተይዞለት፣ የአንድ ዓመት ቀላል እስራት ተፈረደበት። እናትና አባቱ ችሎት አልነበሩም። ዳኛዋ የት እንደሚያድር ሲጠይቁት ለአፍታ ዝም ብሎ «አሸዋ» አለ። አሸዋ የሚባለው ገበያ ይሁን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ማንም አላብራራም፤ በእርግጥ በሁለቱም ቦታ የሚያድሩ ልጆች አሉ።

ፍርዱ ትክክል ነበር። ይህን የምለው ለወግ አይደለም፤ ሕጉን አውቀዋለሁ፣ ዳኛዋም በጥንቃቄ ነው የሠሩት። ነገር ግን ከችሎቱ ስወጣ ከጉዳዩ ሁሉ ውስጥ የተነካው ጫፉ ብቻ እንደሆነ እየታወቀኝ ነበር የወጣሁት። የወንጀል ሕጉ በወንጀል የተጎዳ ሰው ካሣውን በዚያው ክስ ውስጥ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል፤ እኔ ግን ሸበጡ እንኳ ሙሉ ካልሆነ ልጅ ምን ካሣ እጠይቃለሁ?

ከፍርዱ በፊት፣ ቆጣሪዬን አገኘው እንደሆነ ብዬ፣ ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር ቁርጥራጭ ብረት ወደሚገዛበት አንድ ግቢ ሄጄ ነበር። ግቢውን የት እንደሆነ አልናገርም፤ እንደ እሱ ያለው ብዙ ነው። በሩ ላይ ትልቅ ሚዛን ተሰቅሏል። በአንድ በኩል አሮጌ ቆርቆሮ፣ በሌላ በኩል የመኪና ሞተር ቅሪት፣ ጥግ ላይ ደግሞ መዳቡ እንዲወጣ ላስቲኩ የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ገመድ ተከምሯል፤ ሽታው ልብስ ላይ ይቀራል። ነሐሱ ለብቻው በማዳበሪያ ነው። ባለቤቱ ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ሳበልን፣ ሻይ አዘዘልን። ከማዳበሪያው አፍ ላይ የቧንቧ መክፈቻዎች፣ የበር እጀታዎች፣ አንድ ደወል የመሰለ ነገር፣ በመካከላቸውም ሦስት የውሃ ቆጣሪዎች ይታያሉ። የእኔ አልነበሩም። «ወንድሜ፣ እኔ የምገዛው ብረት ነው፤ ብረት ስም የለውም» አለኝ። ይህን ሲል ከሦስቱ አንዱ ቆጣሪ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ነበር፤ መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ከነሐሱ ላይ የተቀረጸው ተራ ቁጥር ግን ከተቀመጥኩበት ይነበባል። ማንም ሰው የውሃ ቆጣሪ በገዛ ፈቃዱ ነቅሎ በኪሎ እንደማይሸጥ እኔም እሱም እናውቃለን። ሕጉም የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ወይም መጠርጠር እየተገባው የሚቀበልን ሰው ይቀጣል። በልጁ የክስ ማመልከቻ ላይ ግን ከዚያ ግቢም ሆነ ከሌላ ግቢ የተጠቀሰ ሰው አልነበረም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ልጁ በሌሊት በጎማ ሊያዝ ይችላል፣ ሚዛኑን ለመያዝ ግን መዝገብ ማገላበጥ፣ ቁጥር ማስተያየት፣ ምስክር ማቆም ያስፈልጋል።

«ሥርወ ምክንያት» የሚለውን ቃል ስሰማ አሁን ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ያ ሚዛን ነው። ቃሉ በስብሰባ ላይ ሲነሣ ግን ወዲያው ወደ ድህነትና ወደ ሥራ አጥነት ነው የሚያመራው። ድሬዳዋ ላይ ይህን ማለት ቀላል ነው፤ ከተማዋ ራሷ በ1895 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች የሸሚንደፈር ልጅ ናት፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የቀድሞው ባቡር ሲቆም፣ ከሐዲድ ሠራተኛው እስከ ጉልት ሻጯ ስንት እንጀራ አብሮ እንደቆመ ያየ ሰው አይረሳውም። በ2009 መስከረም የተመረቀው አዲሱ ባቡርም ጣቢያው ከከተማው ውጪ በመሆኑ የድሮው ጣቢያ ባለበት በከዚራ ሰፈር እንደ ድሮው ተሸካሚና ሻይ ሻጭ አያሰልፍም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ባቡሩ ከቆመበት ቀን ጀምሮ ሥራ ያጡ አባቶች ልጆች አብዛኛዎቹ የማንንም ቆጣሪ አልነቀሉም፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተው ቀፊራ ገበያ ሸቀጥ የሚዘረጉ፣ ባጃጅ የሚነዱ፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ናቸው። ድህነት ወንጀል ይወልዳል ብሎ ዝም ማለት እነዚህን ሁሉ በእምነት ማጉደል መጠርጠር ነው። ሌላም ጣጣ አለው፤ ቅጣት ብቻ የሚለው ሰው ጉዳዩን በልጁ ጫንቃ ላይ ጥሎ ቤቱ ይገባል፤ ድህነት ነው የሚለውም ማንም ሊደርስበት የማይችል ከፍታ ላይ ሰቅሎት ቤቱ ይገባል። ሁለቱም በጊዜ እራታቸውን ይበላሉ።

የዚህ ልጅ ምክንያት ሲዘረዘር ሁሉም እጅ የሚደርስበት ነው። የሚያድርበት የለውም፤ የሌሊት ሥራ የሚሰጠው ሰው ጎልማሳው ሌባ ብቻ ነው፤ ያመጣውን ያለጥያቄ የሚመዝን ሚዛን አለ፤ ቀን ላይ የሚሠራው የሸክም ሥራ መታወቂያ ስለሌለው በማኅበር የተደራጁት የሚሽቀዳደሙበት ነው። ከአራቱ አንዱ እንኳ ቢጎድል እዚያ መንገድ ላይ ባልተገኘ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ በእርግጥ ይህ ግምቴ ነው።

ሥራ መፍታትን ራሱን በወንጀል ለመቆጣጠር ሞክረን እንደነበር ብዙ ሰው ረስቶታል። የወንጀል ሕጉ በወጣበት በዚያው በ1996፣ አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 384 ታወጀ። አዋጁ መሥራት እየቻለ የታወቀ መተዳደሪያ የሌለውን፣ በተዘረዘሩት አድራጎቶች የተገኘንም ሰው ይመለከታል፤ በዚህ የተጠረጠረ ሰው በዋስ አይለቀቅም። በሥራዬ እንዳየሁት፣ ኪሱ ባዶ የሆነ ወጣት ከታሰረበት ሲወጣ ኪሱ ያው ባዶ ነው፤ የተጨመረለት ነገር ቢኖር ውስጥ ሆኖ የተዋወቃቸው ሰዎች ስልክ ቁጥር ነው። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የሚለው አባባል መነኩሴው መርፌና ክር እንዳለው ይገምታል፤ የእኛ ልጆች ግን የሚቀዱት የሰው ቧንቧ ሆነ።

በአካባቢያችን ያሉት የባህል ዳኝነቶች ይህን ጉዳይ ከመደበኛው ፍርድ ቤት በተሻለ የሚያዩበት አንድ ወገን አላቸው። በኦሮሞ ጃርሱማ ሽማግሌዎች ተቀምጠው በዳይና ተበዳይን ሲያስታርቁ፣ በኢሳ ሶማሌ ሄር ደግሞ ካሣው በጎሳው ላይ ሲወድቅ፣ ያጠፋው ሰው ብቻውን አይቆምም፤ ዘመዶቹ አብረውት ይከፍላሉ። ከኪሳቸው የከፈሉ አጎቶች ልጁ ዳግመኛ የት እንደሚውልና ከማን ጋር እንደሚያመሽ ይከታተላሉ፤ ይህ ደግሞ የትኛውም ዘበኛ ሊሠራው የማይችል ሥራ ነው። የኢሳ ሄር በ2017 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘገብ በከተማችን የነበረውን ደስታ አስታውሳለሁ። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አላሞግሳቸውም፤ የተደፈረችን ልጅ ጉዳይ አባቷና አጎቷ በከብት ቆጥረው ሲጨርሱት፣ እሷ በቦታው ሳትጠየቅ፣ በሥራዬ አጋጥሞኛልና። በዚያ ላይ የእኛ ልጅ እዚህ ዘመድ የለውም። ሽማግሌ የሚጠራለት ጎሳ አጠገቡ የለም፤ መንግሥት የሚያውቀው ወረቀት የለውም፤ የዘመድ ካሣም የሕፃናት ጥበቃም ያልደረሰበት ክፍተት ውስጥ ነው ያደገው። ለ9 እስከ 15 ዓመት ልጆች የተቋቋመው የጠባይ ማረሚያ እንኳ ለረዥም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛ ሆኖ የኖረው አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ከእኛ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

ቅጣትና ምክንያትን ማጥፋት ተቀናቃኝ ናቸው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ የስኮትላንዷን የግላስጎው ከተማ ቢያይ ደስ ይለኛል። በጩቤ የሚገዳደሉ የወጣት ቡድኖች የበዙባት ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2005 የዚያ አካባቢ ፖሊስ ራሱ ዐመፅን እንደ ወረርሽኝ ቆጥሮ ምንጩን የሚያክም አንድ ክፍል አቋቋመ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የቡድን አባላትን ወደ ችሎት አዳራሽ እየጠራ ሁለት ነገር ይነግራቸው ነበር፤ ከመካከላችሁ አንዱ ሰው ቢወጋ መላው ቡድን ላይ እንዘምታለን፣ መተው የሚፈልግ ግን ይኸውና ስልክ ቁጥሩ፣ ሥልጠናና ሥራ እናፈላልግለታለን። በዚያው አዳራሽ ቁስለኞችን የሚሰፋ ሐኪምና ልጇ የተገደለባት እናት ይናገሩ ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት ግድያው በእጅጉ ቀነሰ። እኔን የሚገርመኝ ስልክ ቁጥሩ ነው፤ ዛቻው በሁሉም አገር አለ።

ስለዚህ አይቀጣ አልልም። ያመለጠው ጎልማሳ ቢያዝ ለረዥም ጊዜ ቢታሰር አልከራከርም፤ ልጅ አሰማርቶ ራሱ ጨለማ ውስጥ የሚቆም ሰው ነውና። ከሥራ ስትመለስ በጩቤ ቦርሳዋን የተነጠቀች ሴትም የነጣቂውን የልጅነት ታሪክ የማድመጥ ግዴታ የለባትም፤ በሩ ዛሬ ማታ ተዘግቶበት ቢያድር የመጠየቅ መብት አላት። የምከራከረው፣ በሩ ሲዘጋ ሥራው ያለቀ በሚመስለን ስሜት ላይ ነው። እኔም ጎማው ባረፈ ጊዜ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

የእኛ እድር በሐምሌ ስብሰባው ይህን ጉዳይ ይዞ ሦስት ሰዓት ተከራከረ። የመጀመሪያው ውሳኔ በየቤቱ ቆጣሪ ላይ የብረት ሳጥን እንዲበየድ ነበር፤ ተበየደ። ውጤቱም የሚያስቅ ሆነ፤ ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ ቁልፍ የያዘው ሰው ሥራ ላይ ስለሚሆን ለሁለት ወር በግምት ከፈልን፤ በሌላ መንገድ ደግሞ ሳጥኑ ራሱ ተነቅሎ በኪሎ ተሸጠ አሉ። ሁለተኛው ውሳኔ ቁርጥራጭ ብረት ገዢዎቹን ማነጋገር ነው። ደብዳቤውን እንድጽፍ የተመደብኩት እኔ ነኝ፤ የምንጠይቃቸውም አጭር ነገር ነው፤ የውሃ ቆጣሪና ተራ ቁጥር ያለው ዕቃ እንዳይመዝኑ፣ ነሐስ የሚያመጣላቸውንም ሰው ስም እንዲመዘግቡ። እስካሁን ከአራት ግቢ ሦስቱ ፈርመዋል። ሻይ የጋበዘኝ ሰውዬ አልፈረመም፤ እምቢም አላለም፤ «ሌላው ሁሉ ይፈርምና እኔ የመጨረሻው ልሁን» ነው የሚለው።

ሦስተኛውን አጀንዳ ያነሣሁት እኔ ነበርኩ፤ ልጁ ሲፈታ የት ያድራል የሚል ነው። አዳራሹ ዝም አለ። ከዚያ አንዱ፣ ቆጣሪው ከእኔ ጋር የተሰረቀበት ጎረቤቴ፣ «አንተ ቤትህ ልታስገባው ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት፤ እውነትም አይደለም፤ ባለቤቴን በዚህ ጉዳይ አላማከርኳትም፣ ባማክራትም መልሷን አውቀዋለሁ። ሀጂ ግን ከወንድማቸው ልጅ ብሎኬት ማምረቻ ጀርባ የዘበኛ ክፍል አለ፣ እጠይቀዋለሁ አሉ። ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመ ታራሚ በአመክሮ ሊፈታ ስለሚችል፣ ጠባዩ ከተመሰከረለት የሚወጣው በየካቲት መጀመሪያ ነው። ባለፈው ሳምንት ስጠይቃቸው የወንድማቸው ልጅ መታወቂያ ካለው ይምጣ ማለቱን ነገሩኝ። መታወቂያ ለማውጣት የልደት የምስክር ወረቀት ወይም የሚያውቁት ሦስት ምስክሮች ያስፈልጋሉ ተብያለሁ። ከሚያውቁት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ ሌላው የባጃጅ ሹፌሩ ነው፤ ሦስተኛውን እየፈለግን ነው።